ለውሻዬ ሀዋሳ ላይ የተለቀሰው ለቅሶ

በመጨረሻ አብረን ያደረግነው ነገር የግቢውን በር መዝጋት ነው። እንደ ሁልጊዜው አመሻሽ ላይ እሱ ቀድሞኝ ሄደ። አፍንጫውን በቆርቆሮው በርና በመሬቱ መካከል ባለችው ክፍተት አስገብቶ የመንገዱን ሽታ ሳበ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ «እፍ» ብሎ አቧራውን አስወጣና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ያ «እፍ» ውጭ ምንም የለም ማለት ነበር። እኔ መቀርቀሪያውን ገፋሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ተከተልኩት። መቆለፉን መለስ ብዬ አላየሁም። ለዓመታትም አይቼ አላውቅም። እሱ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ቁርሱን አልበላም። ጓሮ ካለው እንሰት ጥላ ሥር ሄዶ ተኛ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን አየና «አርጅቷል እኮ እትዬ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ለውሻ ብዙ ነው» አለኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ እዚያው እንሰቱ ሥር ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ጉድጓዱን የቆፈረልኝ ጎረቤቴ አፈሩን መልሶ እጁን እየታጠበ «በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ቡችላ ይፈለጋል» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሳም።

ውሻውን ያመጣው ባሌ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ፤ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። «ጡረታ ስንወጣ የሚጠብቀን ሰው አመጣሁ» አለ። እሱ ጡረታ ሳይወጣ ሞተ። ልጃችን አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። ዲላ ያለው ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ውሻው ነን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ስተይብ ኖሬያለሁ፤ የራሴን መጻፍ ሲሆን እጄ ቀርፋፋ ነው። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ እንኳ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከተቀበረ በኋላ ለቤቴ ባዕድ ሆንኩ። በሩን ቆልፌ እገባለሁ፤ ሳሎን ሳልደርስ ተመልሼ አየዋለሁ። እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ። መቀርቀሪያውን ከመነካካቴ ብዛት ጣቴ ላይ የዝገት ሽታ አይጠፋም ነበር። ቀን እንኳ ቆርቆሮው በንፋስ ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ። ፍርሃቴን ለልጄ በስልክ ነገርኩት፤ ባልነግረው ይሻል ነበር። በሳምንቱ ቤቱን በሙሉ የሚከራይ ሰው አገኘ።

«እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ። ለብቻሽ ክፍል አለሽ» አለኝ።

«አራተኛ ፎቅ ላይ?»

«ሊፍት አለው እኮ።»

«ትንሽ ላስብበት።»

«ሰውየው እስከ ሰኞ ነው የሚጠብቀኝ።»

እሺ ካልኩት ቤቱ ይሄዳል። እንሰቱም፣ ከእንሰቱ ሥር ያለውም፣ ባሌ በገዛ እጁ የሠራው የበረንዳ ወንበርም አብረው ይሄዳሉ። እምቢ ካልኩት ደግሞ ያንን በር በየቀኑ ብቻዬን መዝጋት አለብኝ።

በዚህ መሃል ነው የእህቴ ልጅ ከሀዋሳ የደወለችው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራለች፤ ታቦር አካባቢ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታለች።

«አክስቴ፣ ቅዳሜና እሁድ ነይ። ሐይቅ ዳር እንሄዳለን፣ አሳ እንበላለን፣ አየር ትቀይሪያለሽ።»

«ቤቱንስ?»

«ቤቱ እግር የለው፤ የት ይሄዳል?»

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። እሱን የመረጥኩት በመንገድ ቆሻሻ እንዳይታይበት ነው፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ነጠላዬን አደረግኩ፣ ሳሎን መብራት አበራሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ አየሁት፣ እንደገና አየሁት፤ ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጥኩ። ጩኮ ስንደርስ ለጎረቤቴ ሚስት ደወልኩላት።

«ተቆልፏል እትዬ። አሁን ገፍቼ አየሁት» አለችኝ።

ይርጋለም መገንጠያ ላይ ደግሜ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ቅድም ነገርኩዎት እኮ። ልተኛበት እንዴ በሩ ሥር?»

ከዚያ በኋላ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ግን እጄ ከቦርሳው አልወጣም።

የእህቴ ልጅ መናኸሪያ ጠብቃኝ በባጃጅ ወደ ታቦር ወጣን። ግቢው በር ላይ ስንወርድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከማንጎው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሴቶች ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ፔርሙስና ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ይዞራል። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ የያዘ ሽማግሌ በወንበሮቹ መካከል ቆሟል።

«አከራይሽ ቤት ለቅሶ አለ እንዴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አላውቅም። ጠዋት ስወጣ ምንም አልነበረም» አለች፤ እሷም ደንግጣ።

አከራይዋ ወደ እኛ መጣች። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያላት ሴት። እኔም ወጉ ነውና እጇን ይዤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

«እርስዎን ያጽናዎት እናቴ» አለችኝ፤ ክንዴንም ይዛ በሰዎቹ መሃል አሳልፋ ዛፉ ግንድ ሥር ወደተነጠፈው ፍራሽ ወሰደችኝ። ሰዎቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሱ። የማን ለቅሶ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተንበረከከች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ሐዘን ላይ ያለች እንግዳ ትመጣብኛለች ብያት ነበር። ውሻ ነው ለማለት አፈርኩ። እሷም አልጠየቀችኝም።»

«አሁን ንገሪያት።»

«ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ?»

ሰው ሁሉ ተቀምጧል። አብዛኞቹ የአከራይዋ የጸሎት ኅብረት ሰዎች ነበሩ፤ ቅዳሜያቸውን፣ ሱቃቸውን፣ ልብስ አጠባቸውን ትተው የማያውቋት አንዲት የዲላ ሴት ብቻዋን እንዳታዝን የመጡ። ይህን ሳስብ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በሲዳምኛ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ የሚሉት ባይገባኝም ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። መዝሙር ተጀመረ። ዝግ ያለ መዝሙር ነው፤ ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ እኔ ሲዘምር እንባዬ መጣ መጣ አለ። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ካለቀስኩ መመለሻ የለኝም።

መዝሙሩ ሲያበቃ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የእህቴን ልጅ ጠየቃት።

«ያረፈው ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ» አለች በሹክሹክታ።

«ዕድሜው?»

እኔን አየችኝ። ሽማግሌውም አየኝ።

«አሥራ ሦስት» አልኩ።

እውነት ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን ምን እንደተናገርኩ ወዲያው ገባኝ። ከጥጉ ወንበር የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ ጩኸት አይደለም፣ ሰው በድንገት ሲመታ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ቡናማ ሻሽ ያሰረች፣ ከእኔ ታናሽ የሆነች ቀጭን ሴት ተነስታ መጣች፤ ፍራሹ ላይ ተንበርክካ አንገቴን አቀፈች።

«ወይኔ፣ ወይኔ ልጄን» አለች ጆሮዬ ሥር።

አለቀስኩ። ውሻው ከሞተ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር፤ ማን ፊት ይለቀሳል? አሁን ግን ሰው ይዞኝ ነበር። ለእሱ አለቀስኩ፤ ለጃኬቱም፣ ጃኬቱን ለለበሰውም አለቀስኩ። እያለቀስኩም ይቺ ሴት የያዘችኝ እኔን እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

«ታሞ ነው?» አለችኝ።

«ታሞ ነው።»

«የኔም ታሞ ነው።» እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ብዙ ተሠቃየ?»

«ብዙም አልተሠቃየም። ዝም ብሎ ተኛ።»

«ተመስገን።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ስንተኛ ክፍል ነበር?»

እስከዚያ ድረስ የተናገርኩት አንድም ውሸት አልነበረም። ለዚህ ጥያቄ ግን የምመልሰው እውነት አንድ ብቻ ነበር። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ እጇን አየሁት።

«ልጅ አይደለም» አልኳት። «ውሻ ነው። ውሻዬ ነው የሞተብኝ።»

ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ግን ግቢው በሙሉ ሰማው። አንዱ ሰው ሻይ ሊቀዳ ፔርሙሱን ዘንበል እንዳደረገ ቀረ።

«ውሻ?» አለች አከራይዋ።

«ውሻ» አልኩ።

ቡናማ ሻሽ ያሰረችው ሴት ወዲያው አልተነሳችም። እጆቿ እጄ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አነሳች፤ ሻሿን አስተካክላ ብድግ አለችና ለማንም ምንም ሳትል ወጣች። የግቢው በር ከኋላዋ ሲላተም ሰማሁት።

አንዲት ወጣት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ከዚያ እሷም ፊቷን አዞረች።

«እኔ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ» አለ አንድ ሰውዬ፤ ሰፌዱን ወደ ራሱ ሳበ። «ንፍሮው እንግዲህ ተቀቅሏል። ለውሻም ቢሆን አይደፋም።»

«አንተ ለንፍሮ ከሆነ ለድመትም ትመጣለህ» አለችው አንዷ።

ሳቅ ሆነ።  ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ፣ መልሶ ከፍቶ፣ እንደገና ዘጋው። ከዚያ አጠገቤ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አይጨነቁ» አለኝ። «እኛ ለሞተ አንጸልይም። የምንጸልየው ለቀረው ነው። እርስዎ ደግሞ ይኸው ቀርተዋል።» ከዚያም ትንሽ ፈገግ ብሎ ጨመረ፤ «ብቻ በሚቀጥለው አስቀድመው ይንገሩን።»

ሰዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው እየተሳሳቁ ተበተኑ። አከራይዋ አልተቆጣችኝም፤ የተቆጣችው የእህቴን ልጅ ነው። ሁለቱ ወንበሮቹን እየደራረቡ ሲነታረኩ አከራይዋን ስለዚያች ሴት ጠየቅኳት።

«ልጇ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው» አለችኝ። «አንድ ልጇ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዳ አታውቅም። እንለምናታለን፣ አትመጣም። ዛሬ ለምን እንደመጣች እኔም አላውቅም።»

 ያን ዕለት መኪና ባገኝ ኖሮ እመለስ ነበር። ሊመሽ ሲል ልጄ ደወለ፤ ሰውየው እየጠበቀ ነው አለኝ። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሰው ሐዘን ጨመርኩ፣ በሬን መዝጋት አቃተኝ፣ እዚህም እዚያም ሸክም ሆንኩ፤ ታዲያ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቀመጥ ምን እጎዳለሁ ብዬ አሰብኩ። «ሰኞ እነግርሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ሳትነሳ ወጣሁ። አከራይዋ ያመለከተችኝ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ሰማያዊ በር ያለው። ድንጋይ ንጣፉን ስወጣ ደጋግሜ ቆምኩ፤ ግማሹ ዳገቱ ነው፣ ግማሹ ፍርሃት። በሩ ላይ ሳልደርስ እሷ ወጣች። ለቤተ ክርስቲያን ለብሳለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን በመዳፏ አንድ ጊዜ ነካች፤ ከዚያ ጮክ ብላ «ተዘግቷል» አለች። አጠገቧ ማንም አልነበረም።

ስትዞር አየችኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

መጽሐፍ ቅዱሷን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ይረፍድብኛል። ከመጡ አብረን እንውረድ።»

ጎን ለጎን ቁልቁል ወረድን።  ምነው በሰደበችኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ትናንት በጣም ነው የተናደድኩብዎት» አለች በመጨረሻ። «ቤት ገብቼ ዕቃ ስወረውር ነበር። የድስቴ ክዳን አሁን አይገጥምም።»

«ልክ ነሽ።»

«ውሻ መሆኑን ባውቅ አልመጣም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ባልመጣ ደግሞ…» አለችና ተወችው። ለአንድ ባጃጅ መንገድ ለቀቅን። «ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? ዲላ?»

«ማንም የለም።»

«ያስፈራል።»

«ያስፈራል» አልኳት። ይህን ቃል ሳትመክረኝ የተቀበለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ስለዚህ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኳት። «ቅድም በሩን ስትዘጊ ሰማሁሽ።»

«ሰሙኝ?» ሳቀች፤ ስትስቅ ሌላ ሰው ትሆናለች። «እብድ ናት ብለውኝ ይሆናል። በሩን የሚዘጋው ልጄ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ‹ተዘግቷል ማሚ› እያለ ይጮህ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ። እሱ ከሄደ በኋላ ስንት ጊዜ እየተነሳሁ እንዳየሁት አይጠይቁኝ። አሁን እኔው እጮሃለሁ። ካልጮህኩ እግሬ ይመለሳል።»

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆመች። «የእርስዎስ? እሱ ምን ያደርግ ነበር?»

ነገርኳት። አፍንጫውን ከበሩ ሥር እንዴት እንደሚያስገባ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚመለስ።

«‹እፍ›?» አለች።

«‹እፍ›።»

አየር በአፍንጫዋ አስወጥታ ሞከረችው። እንዲያ አልነበረም፤ አሳየኋት። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች አስፋልት ዳር ቆመው በአፍንጫቸው «እፍ» ሲሉ አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደች። ታርቀናል አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ቃሏን ጠብቃ ሐይቅ ዳር ወሰደችኝ። ጥብስ አሳ በላን። ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች እንደ ተቆጪ ሽማግሌ በመካከላችን ይዘዋወሩ ነበር፤ ጠረጴዛው ሥር ደግሞ አንድ ቢጫ ውሻ ተጋድሟል። የአሳውን ጭንቅላት ወረወርኩለት፤ ፊቱን ግን አላየሁትም፤ ገና አልቻልኩም። ሐይቁ ደስ ይላል ወይ ተብዬ ስጠየቅ አዎ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሳየው የነበረው ሰዓቴን ነው። ከመምሸቱ በፊት ዲላ መድረስ ነበረብኝ።

ደረስኩ። በሩ እንደተቆለፈ ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ መብራቱ እንደበራ ነው። ገብቼ በሩን መለስኩት፤ መቀርቀሪያውን ገፋሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ከበሩ ሥር ያለችው ክፍተት ጠቁራ ትታያለች። እዚያው ቆምኩ፤ እግሬ አልሄድ አለ። አፌን ከፍቼ «ተዘግቷል» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖብኝ ደነገጥኩ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ ሚስት «ምን አሉ እትዬ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ያን ምሽት ደጋግሜ ነው ተነስቼ ያየሁት፤ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው።

ሰኞ ለልጄ ደውዬ ሰውየው ሌላ ቤት እንዲፈልግ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ቀጥሎ «ታዲያ ማን ይጠብቅሻል?» አለኝ። 

አሁን ፀሐይ ስትገባ በሩን እኔ እዘጋለሁ። ቁልፉን በመዳፌ ነካ አደርጋለሁ፣ ጮክ ብዬ «ተዘግቷል» እላለሁ፣ እገባለሁ። አንዳንድ ቀን ተመልሼ አየዋለሁ።